እርግብግቢቱ ሳይገጥም

ልጄ፣ ራዲዮሎጂ ልትማሪ ጎንደር መመደብሽን እናትሽ ስትነግረኝ እልል ነው ያልኩት። ደብረ ታቦር ስትሠሪ ይፋግ መጥተሽ፣ «አጎቴ፣ አንጎላቸው ሳይስተካከል የሚወለዱት ልጆች ናቸው እንቅልፍ የሚነሱኝ» ያልሽኝን አልረሳሁትም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ራጅ ክፍል፣ በኋላም ሲቲ ስካን ክፍል ውስጥ ልጅ እያስተኛሁ፣ እናት እያረጋጋሁ፣ ፊልሙን ከሚያነቡት ሐኪሞች ጎን ቆሜ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ የመጽሐፉን አይደለም፤ እሱን መምህራንሽ ያስተምሩሻል። የሕፃን አንጎል ምስል የሚጠቅመው ጊዜ ሳለ ከተነሣና ለእናቲቱ በሚገባት ቋንቋ ከተነገራት ነው። ምክሬ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

፩. ሜትር ከማሽን ይቀድማል።

የልጅ ጭንቅላት ምርመራ የሚጀመረው እዚህ ይፋግ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍል ውስጥ ነው። የማይለጠጥ ሜትር ከፊት ከቅንድብ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ ይበልጥ በወጣው አጥንት ላይ ይዞራል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ቁጥር ይጻፋል። ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ 35 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት 1 ሳንቲሜትር፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ከዚህ በጣም የፈጠነም፣ ማደጉን ያቆመም ምስል ያስፈልገዋል።

እርግብግቢቱን ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀና ተደርጎ በተያዘበት ዳብሺው። በዚያ ሁኔታ ተወጥሮ ካገኘሽው ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት አለ። የአያቶች ቅቤ እዚያው ላይ ይኖራል፤ አትቆጪ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርገሽ ለኪ። የዓይኑ ብሌን ወደ ታች አዘቅዝቆ ከበላዩ ነጩ ከታየ፣ ልጁም የሚያስታውክ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ቀጠሮ ሳይሆን መኪና ነው።

ነገ ምስል አንባቢ ስትሆኚ «ትልቅ ጭንቅላት» ብቻ ተጽፎበት የሚመጣ መጠየቂያ ወረቀት ታገኛለሽ። ስልክሽን አንሺና የላከውን ጠይቂ፦ ስንት ሳንቲሜትር? መቼ የተለካ? ከዚያ በፊትስ ስንት ነበር?

፪. ቅርብ ያለውን መሣሪያ አትናቂ።

አልትራሳውንድ አጥንት አልፎ አያሳይም። እርግብግቢት ላይ ግን አጥንት የለም፤ ድምፁ በዚያ ገብቶ ተመልሶ ይመጣል። ጨረር የለው፣ ማስተኛ መድኃኒት የለው፤ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ጡት እየጠባ ይታያል። ጄሉን በመዳፍሽ አሙቂው፤ ቀዝቃዛ ጄል አናቱ ላይ ያረፈበት ልጅ ካለቀሰ ቆይተሽ ነው የምታዪው። መጀመሪያ መሣሪያውን ከጆሮ ወደ ጆሮ አጋድመሽ ከግንባር ወደ ማጅራት ቀስ እያልሽ አዘንብዪው። ከዚያ በቁመት አዙረሽ ከቀኝ ወደ ግራ። ሁለቱ ትልልቅ የፈሳሽ ቋቶች፣ ከሥራቸው ሦስተኛው፣ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም፤ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራሽ «አለ» ወይም «የለም» በይ። በጥቅሉ «ደህና ይመስላል» ብሎ መነሣት ብዙ ነገር ያሳልፋል። የኋለኛው የአንጎል ክፍል ከአናት ሲታይ ይደበዝዛል። ዳንዲ ዎከር የሚባለው ችግር የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ፣ ከጆሮ ጀርባ ባለችው ትንሽ እርግብግቢት በኩልም ደግመሽ እዪ።

ይህ ዕድል ግን ጊዜ አለው። እርግብግቢቱ ልጁ ዓመት ሳይሞላው መጥበብ ይጀምራል፤ በ18 ወር ገደማ ይገጥማል። በአምስተኛው ወር በእናቱ ጭን ላይ ይታይ የነበረው ልጅ በሁለተኛ ዓመቱ ወይ ጨረር ወይ ሰመመን ያስፈልገዋል፤ ቤተሰቡም ከይፋግ ወረታ፣ ከወረታ ባሕር ዳር፣ ወይም በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይንከራተታል። «ሲያድግ ይስተካከልለታል፣ ቆዩ» የሚለው ምክር ያስቆጣኛል የምልሽ ለዚህ ነው።

፫. «ውሃ ሞልቷል» ብለሽ አታብቂ።

ይህ ነጥብ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ረዘም ብል ታገሺኝ። ጭንቅላታቸው በፈሳሽ የተሞላ ሦስት ልጆች በአንድ ቀን ሊመጡልሽ ይችላሉ፤ ዕጣቸው ግን አንድ አይደለም። የአንዱ የፈሳሽ መውረጃው ጠቦ ወይም ተዘግቶ ነው። አንጎሉ ወደ ዳር ተገፍቶ፣ ሳስቶ ከራስ ቅሉ ሥር ተለጥፏል፤ ግን አለ። ግፊቱ በጊዜ ከቀነሰለት ያ የሳሳው አንጎል መልሶ መወፈር ይችላል። ስለዚህ ስስ መሆኑን ብቻ አይተሽ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቃል ሪፖርት ላይ አታስፍሪ። ሁለተኛው ማኅፀን ውስጥ ሳለ ደም ተቋርጦበት የላይኛው አንጎሉ የጠፋ፣ ቦታውን ፈሳሽ የያዘው ነው። ግራና ቀኙን የሚለየው ሽፋን መሐል ላይ ይታያል፤ ዳሩ ላይ ግን አንጎል የለም። ሦስተኛው ገና በአፈጣጠሩ ለሁለት ሳይከፈል የቀረ አንጎል ነው። መሐል ላይ ሽፋን የለም፣ በአንጎሉ እምብርት ግራና ቀኝ መቀመጥ የነበረባቸው ታላመሶች ተጣብቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ፊቱም ይናገራል፤ ዓይኖቹ ተቀራርበዋል ወይም ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ጠይቂ። ዳሩ ላይ አንጎል አለ? መሐል ላይ ሽፋን አለ? ታላመሶቹ ተለያይተዋል? አራተኛ ጥያቄም አለ፦ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው ወይስ ዝቃጭና ክፍልፋይ አለበት? በእኛ አገር ጭንቅላቱ ውሃ የቋጠረ ሕፃን ሁሉ እንዲያ ሆኖ የተወለደ አይደለም። በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ማጅራት ገትር ይዞት የተረፈም ብዙ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ የሚወስነው አንቺ በጻፍሽው ላይ ተመሥርቶ ነው። ሻንት የሚሉት ቀጭን ቱቦ ፈሳሹን ከጭንቅላት ወደ ሆድ ያወርዳል። ብዙ ልጆችን አድኗል፤ ሆኖም ሊደፈን፣ ሊያመረቅዝ ይችላል። የተደፈነበት ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ይህ ከእስቴ ወይም ከስማዳ ገደል ሥር ለሚኖር ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሲሠራ የገጠመው ይኸው ችግር ነበር። የሦስተኛውን ቋት ወለል በካሜራ እያየ በስቶ ለፈሳሹ መውጫ ማበጀትን፣ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ክፍል በሙቀት ከማዳከም ጋር አጣመረው። ከዚያው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ከኢንፌክሽን በኋላ ጭንቅላታቸው ውሃ የቋጠረ 100 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አክሟል። ከዓመት በኋላ በአእምሮ እድገታቸው በሻንቱና በአዲሱ ዘዴ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ቱቦ የማይቀበርበት መንገድ መኖሩ ለገጠር ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የትኛው ልጅ እንደሚሆንለት የሚለየው ምስሉ ነው፤ መውረጃው የተዘጋው የት ጋ እንደሆነ በግልጽ ጻፊ።

በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው። ከዚያ በፊት ፊልሙን አንብበን የምንልክበት ሐኪም ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነበር። አሁን የሚልኩበት አለ።

፬. ጀርባውን ያላየሽውን ልጅ ጭንቅላቱን አየሁ አትበይ።

ጀርባው ላይ እብጠት ወይም ክፍት ቁስል ይዞ የሚወለድ ልጅ፣ ስፓይና ባይፊዳ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ አንጎሉም ከቦታው ወደ ታች ተስቧል፤ ጭንቅላቱም ውሃ ይቋጥራል። ጀርባው ከተዘጋለት በኋላ ጭንቅላቱ ማደግ የሚጀምር ልጅ አለና በየሳምንቱ ይለካ። ጤና ጣቢያ ላሉት ደግሞ ይህን ንገሪልኝ፦ ቁስሉን በጨው ውሃ በራሰ ንጹሕ ጎዝ ሸፍነው፣ ልጁን በሆዱ አስተኝተው፣ በዚያው ቀን ይላኩት። ቀዶ ሕክምናው በተወለደ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

፭. ሲቲ ስካን ሲያስፈልግ ብቻ።

እኔ የኖርኩበት ማሽን ነው፤ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1918 ዋልተር ዳንዲ የሕፃናትን አንጎል ቋቶች ለማየት ፈሳሹን አውጥቶ አየር እያስገባ ነበር ራጅ የሚያነሣው፤ ስቃዩን አስቢው። ጥቅምት 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ዊምብልደን ውስጥ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ማሽን የመጀመሪያዋ ታካሚ ጭንቅላት ሲነሣ፣ ያ ዘመን አበቃ። ሃውንስፊልድና አለን ኮርማክ እ.ኤ.አ. በ1979 ኖቤል ተሸለሙበት፤ ይገባቸዋል።

ቢሆንም ጨረር ነው፤ የሕፃን ህዋስ ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ በጨረር ይጎዳል። ማሽኑ ለአዋቂ በተሞላው መጠን ልጅ እንዳይነሣ ቁጥሩን ራስሽ እዪ። አንድ ዙር ይበቃል። ከተፈጥሮ ላለ የአንጎል ችግር ምስል የሚያጎላው መድኃኒት በደም ሥር ሳይሰጥ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ከተሰጠ በኋላ እያሉ ሁለት ጊዜ ማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም የለውም። ደም መፍሰስ ሲጠረጠር፣ የራስ ቅል መገጣጠሚያ ያለጊዜው ተገጥሟል ሲባል፣ ሻንት ተደፍኗል ተብሎ ሲያስቸኩል፣ ያኔ አታመንቺ።

፮. ኤምአርአይና ማተብ።

የአንጎል ህዋሳት ሲፈጠሩ መሐል ላይ ተፈጥረው ወደ ዳር ይጓዛሉ። መንገድ ላይ የቀሩትን፣ ተሳስተው የሰፈሩትን፣ እጥፋት ሳይሠሩ የቀሩትን አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ሲቲ ስካን ላይ «ደህና ነው» የተባለ፣ መድኃኒት ግን መንቀጥቀጡን ያላቆመለት ልጅ ኤምአርአይ ይገባዋል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ በአምስተኛው የእርግዝና ወር የማንኛውም ጤነኛ ፅንስ አንጎል እንዳልታረሰ ማሳ ለጥ ያለ ነው፤ ትልሙ የሚወጣው ቀስ በቀስ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። በ20ኛው ሳምንት «እጥፋት የለውም» ብለሽ እናት እንዳታስደነግጪ። ከተወለደም በኋላ የአንጎሉ ነጭ ክፍል እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ሲበስል ይቆያል። በስድስት ወሩ ያልታየ ችግር በሁለት ዓመቱ ሊታይ ስለሚችል፣ ጥርጣሬሽን ጽፈሽ መልሰሽ ቅጠሪው።

ጥቂት ሳምንት የሆነው ሕፃን ማስተኛ መድኃኒት ላያስፈልገው ይችላል። ጡት ጠግቦ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጆሮው ተሸፍኖ እንቅልፍ ከወሰደው ምስሉ ይነሣል። ነርሶቹ ቢቸኩሉም ይህን ጊዜ ስጪው።

አሁን ወደ ማተቡ ልምጣ። የኛ አገር ልጅ አንገቱ ላይ ማተብ አለ፣ ክንዱ ወይም ደረቱ ላይ ክታብ አለ፤ አንዳንዱ ክታብ በብረት የተለበጠ ነው። እናቱም መስቀል፣ የፀጉር ሽቦ፣ ቀሚሷ ላይ መርፌ ቁልፍ አላት። ብረት ይዞ ወደ ኤምአርአይ ክፍል መግባት አይቻልም። ግን እንዴት እንደሚወልቅ ልብ በይ። መቀስ ይዘሽ አትቅረቢ። የክሩ ማተብ ችግር የለውም፤ የሚወጣው የብረቱ መስቀል ብቻ ነው። ይህን መጀመሪያ ንገሪያት፤ ትንፋሿ ሲመለስ ታያለሽ። ክታቡን በገዛ እጇ ትፍታው፤ ከክፍሉ ውጭ ለባሏ ወይም ለእናቷ ትስጥ፤ ሲወጣም መልሳ ታስርለታለች። እንዲህ የተስተናገደች እናት ልጇን አቅፋ ታረጋጋልሻለች። ማተቡ የተቆረጠባት እናት ግን እየተንቀጠቀጠች ልጁንም ታንቀጠቅጠዋለች፤ ምስሉም ይበላሻል።

፯. ሳያዩ ስም ማውጣት።

በ1997 ዓ.ም. ወረዳችን ሊቦ ከምከም ያን ሁሉ መከራ ስታይ አንቺ ልጅ ነበርሽ። ሰው በማይለቅ ትኩሳትና በሆድ እብጠት ሲያልቅ መጀመሪያ ወባ ተብሎ የወባ መድኃኒት ነበር የሚሰጠው። ካላ አዛር የተባለው በሽታ መሆኑ የታወቀው በትክክል ሲመረመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንቱ ዳነ። የልጅ ጭንቅላትም እንዲሁ ነው። ልክፍት፣ ቡዳ፣ የእናት ኃጢአት የሚል ስም ምስሉ ከመነሣቱ በፊት ወጥቶለት ይመጣል። እኛም ሐኪም ቤት ውስጥ «የአእምሮ ዝግመት» ብለን የምንዘጋው ፋይል ከዚያ ብዙ አይሻልም። ጠበል ሊወስዱት ከፈለጉ ዋንዛዬም ይሂዱ፣ አትከልክይ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ፣ ቀጠሮውን ሳያልፉ መሄድ እንደሚችሉ ንገሪያቸው እንጂ ምረጡ አትበያቸው።

፰. ለእናት ስትነግሪ።

አንዲት የእብናት እናት አውቃለሁ። የሆነ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንድ ሰው እየተራመደ «ጭንቅላቱ ባዶ ነው» ብሏት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን ጡት ለማጥባት እጇ አልታዘዝ አላት። ልጁ አንጎል ነበረው፤ የሳሳ ቢሆንም ነበረው። አንድ ቃል ነው ያን ሁሉ ያደረገው።

ቁጭ በይና ንገሪያት። ባሏን ወይም እናቷን አስጠሪላት። መጀመሪያ ያለውን አሳያት፦ ይህ የልጅሽ አንጎል ነው፣ ይህ የሚያይበት ክፍል ነው፣ ይህ ደህና ነው። ቀጥሎ የጎደለውን። ከጓደኛሽ ጋር በእንግሊዝኛ በላይዋ ላይ አትነጋገሪ፤ ቋንቋውን ባታውቅ ድምፅሽን ትሰማለች። ምስል የማይናገረውን አታናግሪው። ኮርፐስ ካሎሰም ብቻውን ጎድሎባቸው ሌላ ችግር የሌላቸው ልጆች ብዙዎቹ ይራመዳሉ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። «መራመዱን ከፊልሙ ማወቅ አንችልም፣ እያየነው እንሄዳለን» ማለት ውሸት ከመናገርም ተስፋ ከመግደልም ይሻላል። ተስፋ በሌለበትም ጊዜ ልጁ ስቃዩ የሚቀንስበትን መንገድ ሳትነግሪ አትሸኛት።

የችግሩን ስም በአማርኛ ጽፈሽ ስጫት፤ ሌላ ሐኪም ቤት ስትሄድ ታሳያለች። ፊልሙን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ስትሄድ ይታጠፋል፣ ይፋቃል፤ ክረምት ሲሆን ይረጥባል። ላስቲክ ስጫት፣ ቀኑን ጻፊበት፣ እንዳትጥለው አደራ በያት። የሚቀጥለው ሐኪም ሁለቱን ፊልም ጎን ለጎን ካላየ ለውጡን አያውቅም። ጤና መድህን ታድሶ እንደሆነም ጠይቂ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ጎረቤታችን ፎገራ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ ሆኖም ስንቱ ሳያድስ ቀርቶ ለአንድ ምስል በሬውን ሸጧል።

፱. ለሚቀጥለው ልጅ።

ጎንደር ስትገቢ የምታዪው ቁጥር ያስደነግጥሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ጥናቶች በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊድ ውስጥ ከ120 በላይ ላይ የአንጎል ወይም የህብለ ሰረሰር አለመዘጋት አግኝተዋል። የዓለም ግምት 20 እንኳ አይሞላም። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ አብዛኛዋ እናት እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ። ጤና ጣቢያ በአራተኛ በአምስተኛ ወሯ የምትቀበለው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለዚህ ግን ደርሶ አይረዳም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት፣ በ7 አገሮች በተካሄደ ሙከራ፣ ከእርግዝና በፊት የተጀመረ ፎሊክ አሲድ ችግሩ እንዳይደገም 72 በመቶ ያህል ተከላክሏል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ መውጣቱ መልካም ነው። ግን የይፋግ ሴት ጤፏንና ሩዟን በሠፈር ወፍጮ ነው የምታስፈጨው፤ የፋብሪካ ዱቄት ጓዳዋ አይገባም። ጨው ግን ይገባል። ይፋግ እኮ ድሮ አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ገበያ ነበረች፤ አሁን ደግሞ ጨው የማይገባበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፎሊክ አሲድን ከአዮዲን ጋር ጨው ላይ እንጨምረው የሚሉ ባለሙያዎችን ስትሰሚ ከእነሱ ጋር ሁኚ። እስከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ አዲስ ሙሽሮችን ገና ሳይፀንሱ እንዲያገኟቸው ገፋፊ፤ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ይበቃቸዋል። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ካገኘሽ፣ መድኃኒቱ ፅንሱ ላይ ይህ ችግር የመፈጠሩን ዕድል እንደሚጨምር አስረጂያት፤ በራሷ ሳታቋርጥ፣ ከመፀነሷ በፊት ወደ ሐኪሟ ሄዳ እንዲቀየርላት።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ደግሞ ከፍ ያለ መጠን ነው የሚያስፈልጋት፦ በሐኪም ትእዛዝ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም፣ ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ ጀምራ እስከ ሦስተኛ ወሯ። ቀጣዩን እርግዝና ደግሞ ከ24ኛው ሳምንት በፊት በአልትራሳውንድ ትታይ። ይህን በምስል ሪፖርት ግርጌ መጻፍ የራዲዮሎጂስት ሥራ አይደለም የሚሉሽ ይኖራሉ። አንቺ ጻፊው፤ ያቺ እናት ሌላ ሐኪም ሳታገኝ ልታረግዝ ትችላለች።